የመርዶ አድራሻ

ይህን የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በምሠራበት ጤና ጣቢያ የደረሰው ነገር፣ ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት ላይ «የአድራሻ መረጃ ክፍተት» በሚል በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል። ሪፖርቱ አልዋሸም። ያንን ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ግን ሰው መሞቱን አያውቅም። እኔ ስማቸውን አውቃለሁ፤ ድምፃቸውንም ሰምቻለሁ። የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ ነገሩ እንዳልሆነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ጤና ጣቢያችን የሚገኘው ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገለጉ አቅጣጫ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት የእርሻ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም። ዙሪያዋን ሰሊጥና ማሽላ ከቧታል። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ በዝናብ ጊዜ ጎማም እግርም አያሳልፍም፤ በእኛና በሆስፒታሉ መካከል ያለው ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ካለንበት መውጫ የለንም። ያን ጊዜ በፋርማሲ ተመርቄ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ነበርሁ። ከሥራ ውጪ ያለውን ሰዓት የማሳልፈው ከጎንደር በካርቶን ካመጣኋቸው መጻሕፍት ጋር ነበር። ሥርዓት እወዳለሁ፤ የተስተካከለ መደርደሪያ ሳይ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው የመድኃኒት ድልድል ፕሮግራም ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ቀድሞ መድኃኒት የሚገኘው በጩኸት ነበር፤ ስልክ አብዝቶ የደወለ፣ ዘመድ ያለው፣ ከሚያስፈልገው አስበልጦ የጠየቀ ያገኛል። ፕሮግራሙ ግን ከየጤና ጣቢያው የሚገባውን የሕሙማን መረጃ አንብቦ፣ በሽታ የትኛው ወረዳ እንደሚበረታ ገምቶ፣ መድኃኒቱን ራሱ ይደለድላል። አሠልጣኙ በጎንደር አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ «ከእንግዲህ እናንተ አትጠይቁም፤ ይጠየቅላችኋል» ሲለን ያጨበጨብሁት ከልቤ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ደመቀ አላጨበጨቡም። በዚህ ቆላ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ጤና መኮንን ናቸው። ከሥልጠናው መልስ ነገሩን ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«ይህ ያልኸው ነገር ወባ ይዞት ያውቃል?» አሉኝ።

«ፕሮግራም እኮ ነው ጋሼ፤ አይዘውም።»

«እንግዲያ ስለ ወባ አያማክረኝ» ብለው ሄዱ።

ሲስተር ሐዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሐዋ የመተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በሕሙማን መቀበያው የምትቀመጠው እሷ ነበረች፤ ሳትቀልድ የምትውልበት ቀን አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መስከረም መጣ። መስከረም በእኛ አገር ሁለት ነገሮች የሚገናኙበት ወር ነው፤ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞችና ወባ። በተጎታች ተጭነው፣ በእግራቸው ተጉዘው፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደቡብ ጎንደር ይመጣሉ። የከተማችን ሰው ቁጥር ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚያውቀው ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ነው። ወባ ደግሞ ከደጋ ለወረደ ሰው አይራራም። እኛ አገር ያደገውን ሦስት ቀን አንዘፍዝፎ የሚለቀው ትኩሳት፣ ደገኛውን አእምሮውን አስቶ በአንድ ሌሊት ሊወስደው ይችላል።

የወሩ ድልድል የደረሰን ሠራተኞቹ መውረድ በጀመሩበት ሳምንት ነበር። ካርቶኖቹን ስከፍት፣ ለጠና ወባ የሚሰጠው የአርቴሱኔት መርፌ በቀደመው ዓመት ከመጣልን እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። የተሳሳተ መስሎኝ ፕሮግራሙን ከፈትሁ። «በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ የጠና ወባ ሥጋት ዝቅተኛ» ይላል። ጎንደር ላለው የፕሮግራሙ አስተባባሪ ደወልሁ።

«ወንድሜ፣» አለኝ፣ «አንተ የምታየው አንድ መጋዘን ነው። እሱ የሚያየው ክልሉን በሙሉ ነው።»

ይህ እኔው ራሴ ለሌሎች ስናገረው የነበረው ቃል ነው፤ ስልኩን ዘጋሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርድ ባደረበት ጠዋት፣ አንድ ትራክተር ጭቃውን እያረሰ ግቢያችን ገባ። ተጎታቹ ላይ ሸራ ለብሰው የተኙ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አብሯቸው የመጣው ሙሉቀን የሚባል፣ ከጉና ተራራ ሥር የመጣ፣ የአንድ የሠራተኛ ቡድን አለቃ ነው። ከተኙት አንዱ ታናሽ ወንድሙ አስማረ ነበር። ሁለተኛው ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ሦስተኛው ይርሳው የሚባል የአስማረ አገር ልጅ ነው።

«ዶክተር፣ ድረስልኝ!» አለኝ ሙሉቀን። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለነሱ ዶክተር ነው። «ትናንት ማታ ሰላም ነበር። እንዲያውም ሲያበሽቀኝ ነበር ያመሸ። 'ሰሊጥ ስታጭድ እንደ ባልቴት ትጎነበሳለኽ' ሲለኝ ነበር። ሲነጋ ብጠራው ስሜን አላወቀውም።»

አስማረ ዓይኑ ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን እኛን አልነበረም። ሰይድ በየመሀሉ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ደመቀ ሦስቱንም ዞረው አዩና ምርመራው እስኪደርስ እንኳ አልጠበቁም።

«የጠና ወባ ነው። መርፌው ስንት ሰው ያደርሳል?»

ይህንን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ባለፉት ቀናት ሌሎች ሕሙማን ወስደውታል። የቀረው መርፌ አንድን ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያሳክም ይችላል፤ ለሦስት ከተከፈለ ግን ለእያንዳንዱ የመጀመሪያውን መርፌ ብቻ ያዳርሳል። ሁለተኛው መርፌ የሚወጋው ማታ ነው፤ ሦስተኛው በነገታው ጠዋት።

«አምቡላንሱስ?» አሉ።

አምቡላንሳችን ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ንጋት ላይ ወደ ሆስፒታል ሄዷል። እሱ ሲሻገር ወንዙ ከኋላው ሞልቷል። ሾፌሩ ከወዲያ ማዶ ደውሎ፣ «ውኃው ዛፍ ይዞ ይወርዳል» ብሎናል።

እኔ የተማርሁትን ተናገርሁ። መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ከበቃ፣ ሕክምናውን የሚጨርስ አንድ ሰው ቢመረጥ ይሻላል አልሁ። ይህን ስል ሙሉቀን በር ላይ መቆሙን አላስተዋልሁም ነበር።

ጋሽ ደመቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መርጦ መግደል የትኛው ትምህርት ቤት ነው ያስተማረኽ?» አሉኝ። «ሦስቱንም እንጀምርላቸው። ለማታው አንተ ፈልግ። ከሰማይም ይሁን ከምድር።»

ተወጉ። የሚዋጠውን የወባ እንክብልም ሐዋ በውኃ በጥብጣ በአፍንጫቸው ቱቦ ሰጠቻቸው። እኔ ስልኬን ይዤ መጋዘን ገባሁ።

ፕሮግራሙ አንድ በጎ ነገር ነበረው፤ በየትኛው መጋዘን ምን እንዳለ ያሳያል። በቅርብ ያሉትን የቆላ ጤና ጣቢያዎች አየሁ፤ እንደኛው ባዶ ነበሩ። ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ስወጣ ግን መድኃኒት የሞላው አንድ ጤና ጣቢያ አገኘሁ። ያለበትን ቦታ ሳነብ ፕሮግራሙ የተሳሳተ መሰለኝ፤ ጉና ሥር ነው። የገብስና የውርጭ አገር ነው። ደወልሁ። መጋዘኑን የምትጠብቀው የሻረግ የምትባል፣ በድምጿ ጠና ያለች ሴት ናት።

«አርቴሱኔት መርፌ እርስዎ ዘንድ አለ ወይ?» አልኋት።

«አለ ወይ ይለኛል! ልጄ፣ መተላለፊያ አጥቻለሁ። የማዋለጃ ጓንት የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ማን እንደ ላከብኝ እግዜር ይወቅ። እዚህ ትንኝ ብትመጣ እንኳ ካፖርት ደርባ ነው።»

«ታዲያ ለምን ላኩልዎ?»

«ሲስተሙ 'ወረዳችሁ በወባ ተመቷል' አለኛ። አምና በመስከረምና በጥቅምት የታመሙ ሰዎች አሉብሽ ይለኛል። እኔ አንድም አላየሁም። የኔ አገር ሰዎች የት ሄደው ነው የታመሙት?»

አምና የታመሙት የት እንደሆነ አውቄዋለሁ። እዚህ ነው። እኛው ዘንድ ነው የታከሙት።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ሐዋ በመቀበያው ሕሙማንን ስትመዘግብ አድራሻቸውን ትጠይቃለች። የቀን ሠራተኛ ያለበትን የእርሻ ካምፕ ተናግሮ አያውቅም። የተወለደበትን ወረዳና ቀበሌ ይናገራል፤ ሐዋም እንደ ነገራት ትመዘግባለች። ፕሮግራሙ በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ሰው ጉና ሥር እንደሚኖርና ወባ እንደታመመ ያነባል፤ ስለዚህ ወባው ጉና ሥር ነው ይላል። እኛን ሲያየን የሚያገኘው የከተማዋን ቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው፤ እሱም ወባን ለምዶታል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። መድኃኒቱ ግን በሽተኛው ወዳለበት አልመጣም፤ በሽተኛው ወደመጣበት ሄደ።

ይህን ነግሬያት ነገሩ ሲገባት የሻረግ ቀልዱን ተወችው። «አሁኑኑ አሽገዋለሁ» አለች። ከሰዓት በኋላ በሚወርድ ሚኒባስ እስከ አዘዞ ሰደደችው። ከዚያ ሰሊጥ ሊጭን የሚወርድ አንድ አይሱዙ ተቀበለው። ግን መንገዱ ከመሸ በኋላ አይኬድበትም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አይሱዙው መንገድ ላይ አደረ። ለማታው መርፌ አልደረሰልንም።

ያንን ቀን ከአልጋዎቹ አጠገብ አሳለፍሁት። በመሀሉ ሙሉቀንን ከቤት ውጪ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ አገኘሁትና ጠየቅሁት።

«ሙሉቀን፣ ስትታከሙ አድራሻ ሲሏችሁ የምታድሩበትን ካምፕ ለምን አትናገሩም?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ካምፕ አድራሻ ነው እንዴ?»

«የምትኖሩበት ነዋ።»

«እንሠራበታለን እንጂ መቼ እንኖርበታለን። ስማኝ ዶክተር። እኛ አድራሻ ስንባል የምንሰጠው፣ ብንሞት መርዷችን የሚደርስበትን ነው። እናት ያለችበትን። ካምፑን ብነግርህ ለማን ልታረዳልኝ ነው? ለትራክተሩ?»

«ለመድኃኒቱ ግን...»

«ስለ መድኃኒት መቼ ጠየቃችሁን? አገርህ ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ አገራችንን ነገርናችሁ።» ወደ ማሳው እያየ ቀጠለ፤ «እዚህ ቀርቶ አገሩን የረሳ ሰው አለ። ሳሉግ ይሉታል። ቢሞት የሚጠይቀው የለም፤ የት እንደ ተቀበረም አይታወቅ። እኔና ወንድሜ ሳሉግ አይዶለንም።»

ሰይድ ጎሕ ሳይቀድ ሞተ። ሐዋ ዓይኑን ከደነችለት። ቁርኣን የሚያነብለት እንዲያገኝ የሠፈሯን ሽማግሌዎች ልትጠራ ሄደች፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

ሲነጋ ወንዙ ጎደለ። የአይሱዙው ሾፌር ደውሎ ከማዶው እንደሚደርስ፣ ግን መሻገር እንደማይደፍር ነገረን። ትራክተር ብቻ ይሻገራል። ሰው መሄድ ነበረበት። ሙሉቀን የወንድሙን እግር ይዞ ተቀምጦ ነበር።

«እኔ ልሂድ» አልሁት። «አንተ ከሱ አትለይ።»

«አንተ ጭቃ ውስጥ ትራክተር ቢተክልብህ ምን ታውቃለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ አስማረ ጆሮ፣ «አንተ ልጃገረድ፣ መጣሁ፤ እስክመለስ እንዳትነሣ» አለውና ወጣ።

አስማረ ረፋዱ ላይ ሞተ። ጋሽ ደመቀ ደረቱን ሲጫኑ፣ ደግመው ሲጫኑ አየኋቸው። ከዚያ እጃቸውን አነሡና ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ። ይርሳው በሚቀጥለው አልጋ ላይ ይተነፍስ ነበር።

ትራክተሩ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ሰማነው። ሙሉቀን ካርቶኑን በዝናብ ልብሱ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ገባ። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ካርቶኑን በእጄ አኖረና ወደ ክፍሉ አለፈ። ጋሽ ደመቀ በር ላይ ጠብቀው ትከሻውን ያዙት፤ ነገሩ ገባው።

ከወንድሙ አጠገብ ቆይቶ ወጣ። እኔ ለይርሳው መርፌውን አዘጋጅ ነበር። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። በላዩ ያለውን ማኅተም አየና ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ይኼ የኛ ጤና ጣቢያ ነው» አለ። «ከእናቴ ቤት ማዶ ያለው።»

«አዎ።»

«መድኃኒቱ እዚያ ነው የነበረ?»

«አዎ፤ እዚያ ነበር።»

ካርቶኑን በእጁ ነካ አድርጎ፣ «እንግዲያ አስማረም ወደዚያው ነው። እዚያ ያገኘዋል» አለ።

ሬሳውን ግን ሊወስደው አልቻለም። መንገዱም ሙቀቱም አይፈቅድም። ሰይድን የሐዋ ጎረቤቶች ቀበሩት፤ አስማረን በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ማታ ይርሳው ዓይኑን ገለጠ፤ ስሙን ስንጠራው ግን አልዞረም።

በነገታው ሙሉቀን ሊሄድ ተዘጋጅቶ ወደ ክፍሌ መጣ። መርዶውን እሱ ነው የሚያደርሰው። እኔ የሟቾቹን መረጃ ወደ ፕሮግራሙ ላስገባ ተቀምጬ ነበር። የአስማረን ስም ጽፌ አድራሻ የሚለው ላይ ቆሜያለሁ። ያደረበትን ካምፕ ልጽፍ እንዳሰብሁ ነገርሁት።

«ምን ብለህ?» አለኝ።

ሁሉንም አስረዳሁት፤ ጉና ብዬ ብጽፍ የወንድሙ ሞት ሄዶ ያንን መጋዘን እንደሚሞላ፣ ለመጪው ዓመትም እዚህ የሚታመም ሰው ያለ መርፌ እንደሚቀር።

«የመጪው ዓመት ሠራተኛ ስለ ራሱ ይናገር» አለ። «ወንድሜን ግን አገር አታሳጣብኝ። ጉና ነው አገሩ። ጻፍ።»

«ሙሉቀን፣ ማሽኑ ማየት የሚችለው...»

«ማሽኑን ተወው! እኔን እየኝ! እናቴ 'የት ሞተ' ስትለኝ እነግራታለሁ። 'የት ይኖር ነበር' ካለችኝ ግን እዚህ ነበር ልበላት? ሳሉግ ነበር ልበላት?»

ያነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ለዚያች ሰዓት አንድ ቃል አላዋሱኝም። ሁለቱም እውነት ነበሩ። አንዱ ለሞተው ይገባል፤ ሌላው ገና ላልታመመው። ማስገቢያው ግን የሚቀበለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

የካምፑን ስም ጻፍሁ። ስክሪኑን አይቶ አነበበው።

«እኔ አንድ ጊዜ ቀበርሁት» አለኝ። «አንተ ደገምኸው።»

የዘረጋሁለትን እጅ ሳይጨብጥ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ፕሮግራሙን እንድትረግም አይደለም ይህን የጻፍሁት። አሁንም እሠራበታለሁ፤ ከጩኸቱ ዘመን ይሻላል። ዘንድሮ ለእኛ የተደለደለው መርፌ ይበቃል፤ ፕሮግራሙ ቆላ ላይ የሚያድሩ ሰዎች መኖራቸውን ከነዚያ ሟቾችና ከእነሱ በኋላ ካስተካከልናቸው መዝገቦች ተማረ። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ መረጃ ማለት ስለ ሰው የተጻፈ እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ለተጠየቀው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሲጠየቅ ደግሞ የሚፈራውን አስቀድሞ ይመልሳል። እነዚያ ሰዎች የሚፈሩት ወባን አልነበረም፤ ሳይታወቁ መቅረትን ነበር። በሽታቸውን ስንጠይቃቸው ሞታቸውን ነገሩን፤ እኛም በሞታቸው አድራሻ መድኃኒት ላክን።

ስለዚህ አንተም፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቀምጠህ ሰው የምትጠይቅ ከሆነ፣ የጠየቅኸው ሰው ምን እንደ ሰማ አስብ። በመቀበያችን አሁን ሁለት ጥያቄ አለ። ሐዋ መጀመሪያ «ዛሬ ማታ የት ታድራለህ?» ትላለች። ቀጥላ «አገርህስ?» ትላለች፤ ይኼኛውን ሠራተኞቹ ቀና ብለው ይመልሱላታል። ሁለቱም ይጻፋሉ። የአስማረን መዝገብ ግን ወደ ኋላ ተመልሼ እንድነካው አልተፈቀደልኝም፤ የተዘጋ መዝገብ ነው ተብያለሁ። እዚያ ላይ አድራሻው እስከ ዛሬ ካምፑ ነው።

የጠፋው ይህ ነው።

ሰይድ።

አስማረ።

የይርሳው የሁለቱም ጆሮ መስማት።